ሰው አስፈራርቶ ማደር

አስፈሪ ልብ ወለድና ተውኔት የሚጽፍ ወዳጅ አለኝ። ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ሙያውን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጠንቅቆ ያውቃልና። ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ወዲያው ስለ ወገብ ሕመም ይጠየቃል። ወዳጄ ግን መጀመሪያ ከእግር እስከ ራሱ ይታያል፤ ቀጥሎ «ደህና ሰው ትመስላለህ እኮ!» ይባላል፤ ትንሽ ዝምታ ካለፈ በኋላም አጠገቡ የተቀመጠች እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች። ስለ ነገሥታት የሚጽፈውን ደራሲ ዘውድህ የት አለ የሚለው የለም፤ ስለ መቃብር የሚጽፈው ግን አካፋውን የት እንደደበቀ ሁሉም ማወቅ ይፈልጋል።

የሙያው ታሪክ ግን ከመቃብር ስፍራ ይልቅ ወደ መዝገብ ቤት ያደላል። ብራም ስቶከር ድራኩላ የተባለውን የደም መጣጭ ጌታ ልብ ወለድ ከመጻፉ በፊት በደብሊን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ያሳተመውም በአየርላንድ የሚገኙ የአነስተኛ ፍርድ ቤቶች ጸሐፊዎች ሥራቸውን እንዴት ማከናወን እንዳለባቸው የሚያስረዳ መመሪያ ነው። ወዳጄ ከስቶከር ሥራዎች ሁሉ ለማንበብ ድፍረት ያጣው ይህን ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ከዚያም ስቶከር ወደ ለንደን ተሻግሮ በላይሲየም ቲያትር የገናናው ተዋናይ የሄንሪ ኧርቪንግ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ሒሳብ እየያዘ፣ ደብዳቤ እየመለሰ፣ የአለቃውን ፊት እያየ 27 ዓመት ያህል ቆየ። ምሽት ምሽት እየመጣ የሰውን ደም የሚመጥ ጌታ ከየት ታሰበው ብለው የሚመራመሩ ምሁራን አሉ። አንድን አለቃ ለ27 ዓመት ያገለገለ ሰው ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ስቶከር ድራኩላን ተውኔት ለማድረግ ያደረገው ሙከራማ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። መጽሐፉ ሊታተም ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 18 ቀን 1897 (እ.ኤ.አ.)፣ ሌላ ሰው ታሪኩን ወስዶ መድረክ ላይ እንዳያወጣበት በሕግ ለማስጠበቅ ሲል ልብ ወለዱን በጥድፊያ ወደ ተውኔት ለውጦ በዚያው በላይሲየም መድረክ ላይ አስነበበው። ንባቡ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። ኧርቪንግ እንዴት አገኙት ተብለው ሲጠየቁ የመለሱት አንድ ቃል ብቻ ነው ይባላል፤ «አሰቃቂ!» ሌላ ደራሲ ቢሆን ወሽመጡ ይቆረጥ ነበር። አስፈሪ ተውኔት ለጻፈ ሰው ግን ይህ ቃል ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ ለመወሰን ያስቸግራል።

የፓሪሱም ነገር ከዚህ አይለይም። ከ1897 እስከ 1962 (እ.ኤ.አ.) በቆየው፣ ቀድሞ የጸሎት ቤት በነበረው፣ አስፈሪ ተውኔት በሚታይበት የግራን ጊኞል ቲያትር ሕዝቡን ሲያንቀጠቅጥ የኖረው አንድሬ ደ ሎርድ ቀን ቀን በአርሰናል ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ነበር። አንዳንዶቹን ተውኔቶች የጻፈው የአእምሮን ብስለት በመለካት ከሚታወቀው የሥነ ልቦና ሊቅ ከአልፍሬድ ቢኔ ጋር ሆኖ ነው፤ ሰው በምን እንደሚፈራ ሳይንሱን ጠይቆ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ሌላው ቲያትር ቤት ጭብጨባ ሲቆጥር፣ እዚያ ራሱን ስቶ የወደቀ ተመልካች ይቆጠር ነበር። ወዳጄ ይህን ሲያወራ ዓይኑ በቅናት ይሞላል፤ የእርሱ ተመልካቾች እስካሁን ከድካም በስተቀር በምንም ምክንያት ወንበራቸው ላይ ተዝለፍልፈው አያውቁም።

የወዳጄ እውነተኛ መከራ የጀመረው ልብ ወለዱን ወደ መድረክ ለማምጣት በተስማማ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አርባ ሙታን በአንድ ሌሊት ከመቃብር ተነሥተው በጭጋግ ሲሄዱ ያስወጡት የቀለም ዋጋ ብቻ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ግን ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ ስለ ጭብጡም ሆነ ስለ ቋንቋው አንድም ነገር አልተናገሩም፤ «እነዚህ ሙታን ስንት ናቸው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አርባ መሆናቸው ሲነገራቸው ብዕራቸውን አነሡ። «ሁለት ይበቃሉ፤ ከሁለቱም አንዱ ባይናገር ይመረጣል፤ የሚናገር ሙት ክፍያው ከፍ ይላል።» የማይናገረውን ሙት እንዲጫወት የተመረጠው ተዋናይ በበኩሉ ቢያንስ አንድ ዐረፍተ ነገር ካልተሰጠኝ ከመቃብር አልወጣም ብሎ ልምምድ አቋረጠ። ከሦስት ሳምንት ድርድር በኋላ ሙታኑ በሙሉ ተሰናብተው በአንድ በር ተተኩ፤ ማንም ሳይነካው፣ በጨለማ፣ ሲጢጥ እያለ የሚከፈት በር።

እውነቱን ለመናገር በሩ ከአርባዎቹ ሙታን ይሻል ነበር። ተመልካች ያላየውን ነገር ራሱ አስቦ ስለሚሞላው፣ ከጀርባው ማን እንዳለ እያንዳንዱ የየራሱን ያመጣል። ችግሩ በፍርሃትና በሳቅ መካከል ያለው ርቀት አንድ ጣት አለመሙላቱ ነው። መጽሐፍ አንባቢ ቢስቅ ብቻውን ይስቃል፤ ደራሲውም ሳይሰማ በሰላም ያድራል። በቲያትር ቤት ግን በስተኋላ አንድ ሰው ሳቅ ካመለጠው ሳቁ ረድፍ በረድፍ እየወረደ መድረክ ላይ ያለውን ሬሳ ሳይቀር ያስቀዋል። ወዳጄ ከመንፈስም ከአውሬም አስበልጦ የሚፈራው ያንን የመጀመሪያ ሳቅ ነው።

በመክፈቻው ምሽት የመድረክ ሠራተኛው፣ ሥራ ወዳድና ቅን ሰው በመሆናቸው፣ በሩ የሚያሰማው ድምፅ አሳፍሯቸው ማጠፊያዎቹን በዘይት አራሷቸው። ወዳጄ ይህን ያወቀው መብራቱ ጠፍቶ፣ ተዋናይቷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ በሩም እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ መከፈት ሲጀምር ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ትንፋሽ ሲስብ ተሰማው። ያን ጊዜ ሁለት የታተሙ ልብ ወለዶች ያሉት፣ መነጽር የሚያደርግ፣ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ በመጋረጃው ጀርባ ተንበርክኮ፣ በገዛ አፉ ረጅምና ቀጭን «ሲ...ጢ...ጥ» አሰማ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንዲት ሴት ጮኸች።

ትርኢቱ እስኪያበቃ ድረስ በየምሽቱ እዚያው እየተንበረከከ በሩን ተጫወተ። አንድ ሐያሲ ስለ ድርሰቱ ብዙም የሚናገሩት ባይኖራቸውም የበሩን ድምፅ «ነፍስ ያለው» ብለው አወደሱት። ክፍያው ሲደርስ ወዳጄ ዝርዝሩን ደጋግሞ ተመለከተ፤ ለበሩ የተያዘው ሒሳብ የዘይቱ ብቻ ነበር።