እርማት፦ የኮምፒውተር ካርድ የትም ተከትሎሽ አይሄድም
እህቴ፣ «ካርዴ ኮምፒውተር ላይ ስለገባ የትም ሆስፒታል ብሄድ ያዩልኛል» ያልሽው ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፣ ግን ልክ አይደለም። እኛ አገር የሕክምና ካርድ የሚያዝበት አብዛኛው የኮምፒውተር ሲስተም የሚሠራው እዚያው ተቋም ግቢ ውስጥ ነው። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ ሲስተምም ቢሆን በዋናነት ስንት ሰው ታከመ የሚለውን ቁጥር ነው የሚሰበስበው። ጥቅሙ ሌላ ጋ ነው። ካርድ ክፍል «ካርድሽ ጠፍቷል፣ አዲስ አውጪ» መባል ይቀንሳል፣ የላብራቶሪ ውጤትም ሲስተሙ እስከዚያ ከተዘረጋ ወረቀት ይዘሽ ሳትሯሯጪ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማሽ አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ ተረኛው ቢቀየርም ያየዋል (ከፍቶ ካነበበ ማለቴ ነው)። ሌላ ቦታ ስትሄጂ ግን የሪፈር ወረቀትሽንና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ስም ያዢ።