ስም የለሿ ሳተላይትና ስም አውጪዎቿ

ሰው ሰብሰብ ባለበት የጠራ ምሽት አንዲት የብርሃን ነጥብ ያለ ድምፅ ሰማዩን ስታቋርጥ ከታየች፣ «አላውቃትም» የሚል ሰው ማግኘት እሷን ከመለየት ይከብዳል። አንዱ ገና ቀና ከማለቱ «ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የስለላ ናት» ይላል፤ ዝቅ ማድረጉ መቼም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው እንዳትሰማው ይሆናል።

አውሮፕላን ነው የሚለውን ማሰናበት ቀላል ነው፤ አውሮፕላን የራሱ ቀይና አረንጓዴ መብራት ሲኖረው፣ ሳተላይት የምትታየው የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቀች ነው። ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ባሉት ሰዓታት ሲሆን፣ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ መሃል ሰማይ ላይ ትሰወራለች። የስለላው ሊቅ የሚጠብቀውም ይህችኑ ቅጽበት ነው፤ «አያችሁ? እንዳየናት ስታውቅ መብራቷን አጠፋች!»

የጠፈር ጣቢያው ጠበቃ በበኩሉ፣ ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ እንደሚዞር በቃሉ ይወጣዋል። ምህዋሩ፣ ማለትም ምድርን የሚዞርበት መንገድ፣ ከምድር ወገብ በ51.6 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ ሊያልፍ እንደማይችል ሲነገረው ግን «ዛሬ መንገድ ቀይሮ ይሆናላ» ይላል።

ለመለየት የሚያስፈልገው የታየችበት ሰዓት እስከ ሰከንዱ፣ የተመልካቹ ቦታና ያለፈችበት የሰማይ ክፍል ነው፤ ቀሪው በይፋ ከሚወጣው የምህዋር መረጃ ጋር ማመሳከር ነው። ሰዓቱን ያየ ግን የለም። በስልኩ የቀረጸው ሞልቷል፤ በቪዲዮው የሚገኘውም ጨለማ፣ የምትንቀጠቀጥ ነጥብና የተከራካሪዎች ድምፅ ነው።

በዚህ የቀደሙንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ስትመጥቅ፣ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ የነበራትን ኳስ በዓይን ማየት እጅግ አዳጋች ስለነበር፣ አብዛኛው ሰው ስፑትኒክን አየሁ ብሎ የተደነቀው አብሯት ምህዋር የገባውን የሮኬት አካል አይቶ ነው። ጭብጨባው ለሙሽራዋ ታስቦ ለሚዜው ደረሰ።

አንዳንዴ ታዲያ ዳር የተቀመጠ ዝምተኛ ቪዲዮው የተቀረጸበትን ሰዓት ከስልኩ ላይ አንብቦ፣ አመሳክሮ፣ «ሥራውን የጨረሰ የሮኬት ቅሪት ነው፤ ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም የሚለውም እየተገላበጠ ስለሚሄድ ነው» ይላል። ጉባኤው ያዝናል። የስለላው ሊቅ ብቻ ፈገግ ይላል፤ «ቅሪት እንዲመስላችሁ አድርገው ነዋ የሠሩት!»