ስለ ዋስትና ገንዘብ የተሰጠ ማስተካከያ

ባለፈው ወር በቱሉ ዲምቱ ለእድራችን አባላት በተነበበው ማስታወሻዬ፣ በፍርድ ቤት ለዋስትና የተያዘ ገንዘብ «እንደ መቀጮ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል» ብዬ መጻፌ ስሕተት ነው። በማግሥቱ አንዲት እናት ለልጃቸው ዋስትና ያጠራቀሙትን ብር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው «እንግዲያው ተመልሶ አላየውም ማለት ነው?» ሲሉኝ ጥፋቴ ገባኝ፤ እርሳቸውንም ሌሎቻችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የዋስትና ገንዘብ ቅጣት ሳይሆን ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ የሚሰጥ መያዣ ነው። ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ እስከ መጨረሻው ከቀረበ፣ በነጻ ቢሰናበትም ጥፋተኛ ቢባልም፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ ላስያዘው ሰው ይመለሳል፤ ስለዚህ ደረሰኙ በትክክለኛው ከፋይ ስም መቆረጡን አይቶ መቀበልና በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለመንግሥት ገቢ የሚሆነው ተከሳሹ ያለ በቂ ምክንያት ሲቀር ነው። ሰው ዋስ የሆነም እንደሆነ፣ ተከሳሹ ቢጠፋ የፈረመበትን ገንዘብ ይከፍላል እንጂ በእርሱ ምትክ አይታሰርም።

የገንዘቡን ልክ በተመለከተም «ለሁሉም አንድ ነው» ማለቴ ልክ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቱ የክሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የተከሳሹንና የዋሶቹንም አቅም እንዲመለከት ያዝዛል። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ይህን በማስታወሻው ጨርሶ አለመጥቀሴም ትልቅ ጉድለት ነበር።