ቀጠሮ በመኪና ግርግር

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳዬን «ነገ መኪና ግርግር ወስጄ አሳይሃለሁ» ባልሁት ጊዜ ፊቱ ጠቆረ፤ ሰውዬው ሐረር የመጣው ከዚያው ግርግር ሸሽቶ ነበርና። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚወርደው ይህ ጠባብ መንገድ ግን አውቶሞቢል የሚርመሰመስበት አይደለም፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ከሚረግጡት የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

እኔ የዚህን መንገድ ታሪክ ያጠናሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በሱሪ ነው። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የሚሆን ጨርቅ ከአንዱ ሱቅ ገዛሁና እዚያው ደጃፍ ላይ ለተቀመጡ፣ ሐጂ ለሚባሉ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ጨርቁን ከውስጥ፣ ስፌቱን ከበር ላይ ማግኘት የመንገዱ ደንብ ነው። ባለሱቁም ሰፊውም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጌታ ስለሆኑ ጨርቁ ሲለቅ «የስፌቱ ጉድ ነው»፣ ስፌቱ ሲተረተር ደግሞ «የጨርቁ ጉድ ነው» ይባላል፤ ደንበኛውም በሁለት ነጻ መንግሥታት ድንበር ላይ የቆመ ስደተኛ ይሆናል። የሰፈሩ ዝና «እዚያው ቆመህ ይሰፋልሃል» የሚል ነውና እኔም ቆምሁ። ሐጂ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አውርደው ለኩኝ፤ በሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ፤ ከዚያም ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «ነገ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

በማግስቱ ስመጣ ጨርቁ ከነሳሙናው መስመር ተጣጥፎ ከመኪናው ሥር ተቀምጧል።

«ሐጂ፣ ሱሪዬስ?»

«አቦ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል እንጂ!»

ቁጭ አልሁ። ሱሪውን የጠየቀ ሰው ታሪክ እንደሚሰጠው የተረዳሁት ያን ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ጀጎል ሰማሁ፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማይቱን በግንብ እንዳጠሩ፣ ግንቡም አምስት በሮች እንደነበሩት። «ግንቡስ በስንት ቀን አለቀ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሐጂ ነገሩ ገብቷቸው ከልብ ሳቁ፤ መርፌውን ግን አልነኩም። በሁለተኛው ሳምንት እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ብቻ ቆይቶ መውጣቱን ነገሩኝ። «እንግዲያው ልብስ አላሰፋም ማለት ነው» አልኋቸው። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 መጥተው አሥር ዓመት መቆየታቸውን ስሰማ ደግሞ ምናልባት እነሱም ቀጠሮ ይዘው ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀመርሁ። ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ የእኔ ሱሪ ገና ዚፕ አልገባለትም ነበር።

ለፍትሕ ያህል፣ ጥፋቱ የሐጂ ብቻ አይደለም፤ እኔም የምሄድበትን ሰዓት አላውቅበትም ነበር። በዚህ መንገድ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሰፊ ሁሉ ይሰፋል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ጫቱ ይመጣና መኪናዎቹ ተራ በተራ ዝም ይላሉ። ያኔ ቀጠሮ የወሰደ ሰው ራሱን ይውቀስ። የመረቀነ ሰፊ እንኳን ሱሪ፣ ሙሉ ካባ ከነጥልፉ እስከ መግሪብ አደርስልሃለሁ ይላል፤ ደግሞም አይዋሽም፤ በዚያች ሰዓት ከልቡ ያምንበታል። ጠዋት ግን ያ የተስፋ ቃል የሌላ ሰው ይመስለዋል።

በሦስተኛው ሳምንት በርጩማዬ የታወቀች ሆነች። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለኝ ጀመር፤ አንዲት እናት እንዲያውም እኔን የሰፊው ረዳት መስያቸው ቀሚስ እንዳሳጥርላቸው ሰጡኝ። ቱሪስቶችም የፈረንሳዩን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ቤት ይጠይቁኛል፤ እኔም በሐጂ ድምፅ አስረዳለሁ፦ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1880 እዚህ የመጣው ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ንግድ ሊሠራ ነው፤ በስሙ የሚጎበኘው ያ ያማረ ቤት ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። እንግዶቹ ደንገጥ ብለው «ታዲያ ምኑን ነው የምንጎበኘው?» ሲሉ፣ ያልኖረበትን ቤት ከፍላችሁ ካያችሁለት እኔም ያልለበስሁትን ሱሪ ከፍዬ ልጠብቅ ብዬ እጽናናለሁ።

ሠርጉ አለፈ። በወንድሜ ሱሪ፣ ቀበቶዬን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አጥብቄ፣ እስክስታውን በጥንቃቄ ወርጄ ተመለስሁ። በማግስቱ ማለዳ ሐጂ ራሳቸው አስጠሩኝ። ሱሪው በከሰል ካውያ ተተኩሶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። ባለሱቁ ጓዳ ገብቼ ለበስሁት፤ ወገቡ ልክ፣ ኪሱ ልክ፣ ቅምቅማቱም ያማረ፤ ብቻ የቀኝ እግሩ ከግራው በሁለት ጣት ያጥራል።

ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መንገዱን አዩ።

«አቦ፣ የቆምህበት እኮ ቁልቁለት ነው። ወደ ጊድር መጋላ ስትወርድ እኩል ይሆናል።»

ወረድሁ። ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ ሞጭልፎ በሚበርበት በዚያ ገበያ፣ እውነትም ሱሪዬን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ቤቴ ግን ከፈረስ መጋላ ማዶ ነው፤ መንገዱም ዳገት።