ሳያነቡ የሚፈርዱ ብፁዓን ናቸው

በዓለም ላይ ካሉት የዳኝነት ሥራዎች ሁሉ አንዱ በጣም ያስቀናኛል። «ከሌላ ሥራ የተወሰደ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ» የሚለውን የኦስካር ሽልማት መምረጥ። ኦስካር ይህን ዓይነት ሽልማት መስጠት የጀመረው ገና በመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኘው የዳኝነት ጥበብ ግን በቂ ምስጋና አላገኘም። ዛሬ እኔ ላመስግን።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ከባድ ይመስላል። አንድ ጸሐፊ አምስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ወስዶ የሁለት ሰዓት ፊልም አደረገው እንበል። ምኑን ጣለ? ምኑን አስቀረ? የትኛዋን አክስት ከታሪኩ አባረራት? መጨረሻውን ለምን ለወጠው? ይህን ለመመዘን መጽሐፉንም ፊልሙንም ማወቅ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ የዋህ አይጠፋም። ኦስካርን የሚሰጠው የፊልም ባለሙያዎች ማኅበር፣ አካዳሚው፣ ከእንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ ራሱን ጠብቋል። ድምፅ ሰጪውን «ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ?» ብሎ የሚያፋጥጥ ሕግ የለውም። እሰይ! ያላነበቡት መጽሐፍ አይናፍቅም። የተቆረጠበትም ቦታ አያምም።

እንዲያውም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚህ ዘርፍ ፊልሞቹን ሁሉ ማየትም ግዴታ አልነበረም። በ2025 ግን አካዳሚው አዲስ ሕግ አወጣ። በመጨረሻው ዙር ድምፅ መስጠት የሚፈልግ አባል በዘርፉ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት አለበት ተባለ። ይህ የሆነው 97 ሥነ ሥርዓት ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ውሳኔ አይቸኮልበትም። ማየት ላይ ለመድረስ 97 ከፈጀ፣ ማንበብ ላይ ለመድረስ ስንት ይፈጃል? ስሌቱን ለአንባቢ ትቻለሁ። ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር የለም።

ደግሞስ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ካላነበቡ ዳኛው ምን አግብቶት ያነባል? አሜሪካውያኑ ፊልም ሠሪዎች የኮኤን ወንድማማቾች «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» የሚለውን ፊልማቸውን ሲሠሩ ታሪኩ በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኦዲሲ» ላይ የተመሠረተ ነው ብለው መጀመሪያው ላይ ጻፉ። በኋላ በቃለ መጠይቅ ሲጠየቁ ኦዲሲን አንብበነው አናውቅም አሉ። ኩም የሚል ሰው የለም። አካዳሚው ሁለቱንም በ2001 በዚሁ ዘርፍ አጫቸው። ከፊልሙ ሰዎች መካከል መጽሐፉን ያነበበው አንድ ተዋናይ ብቻ ነበር ይባላል። እሱ አልታጨም። ምን ይደረግ፣ ማንበብ ዋጋ ያስከፍላል።

ተዋናይና ዳይሬክተሩ ኬኔት ብራናግ ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘ። «ሐምሌት»ን ሲሠራ የሼክስፒርን ጽሑፍ ሳያሳጥር እንዳለ አስገባው። ፊልሙ አራት ሰዓት ፈጀ። በ1997 ለምን ታጨ? ከሌላ ሥራ ወስዶ ላዘጋጀው ጽሑፍ! ምን ለወጠ? ቃሉን እንዳለ ተወው። እኔ በበኩሌ ትልቁ ችሎታ ይሄ ይመስለኛል። የሚነካውንና የማይነካውን መለየት፣ ከዚያ ሁሉንም አለመንካት። ሼክስፒርም ቢሆን ከመቃብሩ ቅሬታ አላቀረበም።

የ1958ቱን ታሪክ ግን ቆም ብሎ ማድነቅ ያሻል። «የክዋይ ወንዝ ድልድይ» ይህን ሽልማት ሲያሸንፍ የተጠራው ስም የልብ ወለዱ ደራሲ የፈረንሳዊው ፒየር ቡል ነበር። ሰውዬው በእንግሊዝኛ አይጽፍም። የፊልሙ ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ትክክለኞቹ ጸሐፊዎች ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ጥቁር መዝገብ ላይ ስለነበሩ ስማቸው አይነሳም። ስለዚህ በማይጽፍበት ቋንቋ የጻፈ ደራሲ ተሸለመ። በሆሊውድ ማንም «ኧረ እንዴት ሆኖ?» ብሎ ሰልፍ አልወጣም። ስህተቱ የታረመው በ1984 ነው። ሽልማቱ ሲደርስ ግን ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም። አካዳሚው የማስተካከል ችግር የለበትም፣ ጊዜውን ብቻ ይወስዳል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን በ1985 የታጨው ዕጩ ነው። ሮበርት ታውን «ግሬይስቶክ» የሚለውን የታርዛን ፊልም ጽፎ፣ የተሠራው ነገር ስላላስደሰተው ስሙን አንስቶ በምትኩ የውሻውን ስም አስገባ። ፒ ኤች ቫዛክ። አካዳሚውም ጊዜ ሳያባክን ቫዛክን ከሌላኛው ጸሐፊ ጋር አጨው። ልብ በሉ፣ ይህ ዕጩ የታርዛንን መጽሐፍ እንዳላነበበ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። የሰውን ያህል ግን አልዋሸም፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ከአልጋዬ ራስጌ የማይጠፋ መጽሐፍ ነው» ብሎ ንግግር አላዘጋጀም። ሽልማቱን አለመውሰዱ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተሻሻለ። ከመሠረቱ የሚነበብ ነገር የሌላቸው ምንጮች ተገኙ። በአካዳሚው አሠራር ክፍል ሁለት የሆነ ፊልም ከክፍል አንድ እንደተወሰደ ይቆጠራል። «ቶፕ ገን፣ ማቨሪክ» በ2023 በዚህ ዘርፍ የታጨው ለዚህ ነው። ምንጩ ምንድነው? አውሮፕላን ያለበት ሌላ ፊልም። «ዊፕላሽ» የተባለው ፊልም ደግሞ መሥሪያ ገንዘብ ለማግኘት ሲባል መጀመሪያ ከራሱ ጽሑፍ ላይ አንድ ቁራጭ ተቀንሶ አጭር ፊልም ተሠራበት። በ2015 አካዳሚው ትልቁ ከትንሹ የተወሰደ ነው ብሎ ፈረደ። አባት ከልጁ ተወለደ ማለት ነው። «ባርቢ»ን የፊልም ጸሐፊዎቹ ማኅበር ወጥ ሥራ ነው ሲል፣ አካዳሚው በ2024 ከሌላ የተወሰደ ነው አለ። ከምን? ከአሻንጉሊት። አሻንጉሊት ገጽ የላትም። ዳኛው የሚያነበው ነገር ቢኖር ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ነው።

ይህን ሁሉ ምስጋና ለዳኞቹ ብቻ ማሸከም ግን ግፍ ይሆናል። እኛ ተመልካቾችስ? ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆም ብላችሁ የሚወጣውን ሰው ስሙ። «ፊልሙ አሪፍ ነው፣ ግን መጽሐፉ ይበልጣል።» ይህን ያለውን ሰው «ምኑ ነው የሚበልጠው?» ብላችሁ ጠይቁት። ትንሽ ያስባል። «ያው… ጥልቀቱ።» የት ጋ ነው ጥልቀቱ? «በአጠቃላይ ነዋ!» አጠገቡ ያለችው ጓደኛው አንገቷን ትነቀንቃለች። እሷም አላነበበችም። ሁለቱ ግን ፍጹም ተስማምተዋል። አንብበው ቢሆን ኖሮ እዚያው በር ላይ ይጣሉ ነበር።

አሳታሚዎችም ይህን ጠባያችንን ስለሚያውቁ ያግዙናል። ፊልሙ ሲሸለም መጽሐፉ በአዲስ ሽፋን ይወጣል። የተዋናዩ ፊት ገጹን ይሞላል፤ የደራሲው ስም ታች ጥግ ላይ ይሸጎጣል። እኛም ሮጠን እንገዛለን። ገዝተንም መደርደሪያ ላይ እናቆመዋለን፣ ፊቱን ወደ እንግዳ መቀመጫ አዙረን። ለማንበብ ምን አስቸኮለን? መጨረሻውን እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ያንን ፊልሙ የለወጠውን።