የጎንደርን አሣሣልማ አልተዉትም

ሁለት ወጣት ሠዓልያን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ በጋራ ስላቀረቡት ዐውደ ርእይ የወጣው ጽሑፍ የጎንደርን የጥንት አሣሣል ጨርሰው ትተውታል ማለቱ አልተዋጠልኝም። ሄጄ አይቻለሁ። ልጅቷ የሣለቻቸውን፣ ጀሪካን ደርድረው ውሃ የሚጠብቁትን እናቶች ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ጉንጫቸው ላይ ያለው ቀይ ጥላ ቀስ እያለ ወደ ቢጫ ይሸሻል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የነበሩት የጎንደር ሠዓልያንም ፊትን በጥላ ነበር የሚያጎሉት። ዓይኖቹስ? ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ የመላእክት ፊት የተሣለበትን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል።

የልጁ ሥራዎች ትንሽ ቸኩለዋል፣ የፋሲል ግንብም በዝቶባቸዋል። እጁ ግን ጎበዝ ነው፣ በተለይ የገበያዋ አህያ!

ጎንደር ያላችሁ፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ለቤታችሁ ሥዕል የምትፈልጉም ከእነሱ ግዙ።