ማስተካከያ፦ ጡረታ የወጡ የአሜሪካ ፖሊሶችና ሽጉጥ

ስለ አሜሪካ ፖሊሶች ባቀረብነው ጽሑፍ ላይ «ጡረታ የወጣ ፖሊስ መታወቂያውን እስከያዘ ድረስ በ50ዎቹም ግዛቶች የትም ቦታ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጥቶ ነበር። ይህ ትክክል ስላልሆነ እንዲህ ይታረም።

ጉዳዩን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ በ2004 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋከር ቡሽ ፊርማ የጸደቀው ነው። በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ የሕጉን መስፈርት ካሟላና የመሥሪያ ቤቱን ባለፎቶ መታወቂያ ከያዘ፣ በሌላ ግዛትም ሽጉጡን ሸሽጎ መያዝ ይችላል። ለጡረተኛው ግን መታወቂያ ብቻውን አይበቃም። በሰላም የተሰናበተና በድምሩ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። መጀመሪያ 15 ዓመት ነበር፤ የተቀነሰው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በሥራው ምክንያት በደረሰበት የአካል ጉዳት የወጣ ሰው የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ 10 ዓመቱ አይጠየቅም።

ዋናው ነገር ደግሞ የተኩስ ብቃት ፈተናው ነው። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ወጪውንም የሚሸፍነው ራሱ ነው። ይህ መስፈርት ከጽሑፉ ጭራሽ መቅረቱ ብዙ ሰው ሊያሳስት ይችላል።

«የትም ቦታ» የሚለውም ይሰረዝ። የግዛት ሕግ ባለንብረቶች በግቢያቸው መሣሪያ እንዲከለክሉ ከፈቀደ፣ ይህ የፌዴራል ሕግ ያንን መብት አይሽረውም። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ልብ በሉ። ግዛቶች በመንግሥት ሕንፃዎችና ፓርኮች ውስጥ የሚጥሉት ክልከላም እንደጸና ነው። በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ያለውንማ፣ በሥራ ላይ ያለም ይሁን ጡረተኛ፣ ሕጉ አይሸፍነውም።